ምዕራፍ 7፦ «ፋይሉ የለም» ያለው ማን ነው?

በምዕራፍ 4 ራም መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ እንደሚረሳ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ሃርድ ዲስክ መብራት ኖረም አልኖረም የተሰጠውን ይዞ እንደሚቆይ አይተናል። ሁለቱን ስናጋጥማቸው ያልመለስነው አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኮምፒውተር በበራበት ቅጽበት ራሙ ባዶ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተኝቷል። ፋይልን ከዲስክ አንብቦ ወደ ራም የሚያመጣው ዊንዶውስ ነው ብለናል። ታዲያ ዊንዶውስን ራሱን ማን ያመጣዋል?

ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ቀን ኮምፒውተርዎን ሲያበሩት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ፣ አንዲት ነጭ መስመር የሆነ ፋይል አልተገኘም ብላ ድርቅ ብትልብዎት መፍትሔው ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን መልእክት ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የጠፋው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። የሚበጀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «የለም ያለው ማን ነው?»

የሰፈር አቅጣጫ

አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቁት ሰፈር ቤት ፈልገው ከሄዱ ነገሩን በእግርዎ ያውቁታል። ወዳጅዎ በስልክ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ውረድና ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ ጠይቅ» ይላል። ባለሱቁ ቤቱን አያውቀውም። «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ብየዳ ቤት ታገኛለህ፤ እዚያ ይነግሩሃል» ብሎ ይሸኝዎታል። በያጁ ግቢውን ያውቀዋል፤ አረንጓዴውን በር በጣቱ ያሳይዎታል። ከዚያ በኋላ የሚቀበልዎት ባለቤቱ ነው።

እዚህ መንገድ ላይ ሙሉውን አቅጣጫ የያዘ አንድም ሰው የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ቀጣዩን ብቻ ነው። ባለሱቁ ሱቁን ለሌላ አከራይቶ ከሄደ፣ ቤቱ ቦታው ላይ እያለ፣ ባለቤቱም ቡና አፍልቶ እየጠበቀ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አዲሱ ባለሱቅ «እንዲህ የሚባል ብየዳ ቤት እዚህ የለም» ቢል አይዋሽም፤ እሱ አያውቅም። እርስዎ ግን ይህን ሰምተው «ቤቱ ፈርሷል» ብለው ቢመለሱ ትልቅ ስህተት ነው።

ኮምፒውተርም የሚነሣው በዚሁ መንገድ ነው።

ከማብሪያው ቁልፍ እስከ ዊንዶውስ

የመጀመሪያውን አቅጣጫ የሚሰጠው ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ አንድ ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ እንደ ራም አይረሳም፤ በውስጡም ትንሽ ፕሮግራም ተጽፎበታል። ፕሮግራሙ አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ካወጣበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዮስ ሲባል ቆይቷል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ቦታውን የያዘው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ነው። ቺፑ መጀመሪያ ራሙን፣ ኪቦርዱንና ሌላውን ዕቃ ይፈትሻል። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ዘንድ ይሄዳል። በባዮስ መንገድ የሚሄደውም ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ዲስኩ የመጀመሪያ ክፍልፋይ።

ይህቺ ክፍልፋይ 512 ባይት ናት። ከዚያ ውስጥ 64 ባይቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሠንጠረዥ ነው፤ 2 ባይቱ ማረጋገጫ ምልክት ነው። ለፕሮግራም የሚተርፈው 446 ባይት ነው። ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት አማርኛችንን እንውሰድ። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 446 ባይት ማለት 148 ፊደል ነው፤ ይህን አንቀጽ እንኳ አይችልም። በዚህች ቦታ ላይ የሰፈረ ፕሮግራም ዊንዶውስን ማስነሣት ቀርቶ ምን እንደሆነም ማወቅ አይችልም። የሚችለው «ቀጣዩን እዚያ ጠይቅ» ማለት ብቻ ነው። ቅብብሉ እንዲህ የረዘመው በዋናነት ከዚህ የቦታ ጥበት የተነሣ ነው።

ቀጣዩ በዲስኩ ክፍል መግቢያ ላይ ያለ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ጫኙ ፕሮግራም ይመጣል። በዊንዶውስ ኤክስፒና ከእሱ በፊት በነበሩት፣ ኤንቲ በሚባሉት የዊንዶውስ ዘሮች የጫኙ ስም ኤንቲኤልዲአር ነበር። በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ቡትኤምጂአር ይባላል። እሱም ቢሆን ዊንዶውስ የት እንዳለ በራሱ አያውቅም፤ ማስታወሻ ያያል። የኤክስፒ ማስታወሻ ቡት ዶት አይኤንአይ የምትባል የጥቂት መስመር የጽሑፍ ፋይል ነበረች፤ የዛሬው ማስታወሻ ቢሲዲ ይባላል። ማስታወሻው «ዊንዶውስ በዚህ ዲስክ፣ በዚህ ክፍል፣ በዚህ ፎልደር ውስጥ ነው» ይላል። ከዚህ በኋላ ነው የዊንዶውስ ዋና አካል፣ ሬጂስትሪ የሚባለው የቅንብር መዝገቡና የዕቃዎቹ ሾፌር ፕሮግራሞች ወደ ራም የሚገቡት። ቤቱ ተደረሰ ማለት ነው።

በአዲሱ በዩኢኤፍአይ መንገድ 446 ባይቷ ሥራ ፈታለች። ቺፑ በዲስኩ ላይ ለዚሁ የተከለለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ጫኙን ፋይል በስሙ ያነሣዋል። ክፍሏ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ አትታይም፤ የዲስክ ክፍሎች ሲዘረዘሩ ግን ትወጣለች። ብዙ ሰው ዲስክ ሲያጸዳ «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ብሎ የሚያጠፋትም በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ አጠረ እንጂ ጸባዩ አልተለወጠም።

መልእክቱን መስማት

አሁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን እንመለስ። በቅብብሉ ላይ ያሉት ሁሉ ሲቸግራቸው የሚጮሁት በየራሳቸው ድምፅ ነው። መልእክቱን አይቶ ተናጋሪውን ማወቅ ይቻላል።

«ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ከተጻፈ የተናገረው ብዙ ጊዜ ቺፑ ነው። ገና ከታክሲ አልወረድንም። ወይ ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም፣ ወይ አይቶት ለመነሻ የሚሆን ነገር አላገኘበትም። ስለ ዊንዶውስ ፋይሎች እዚህ ላይ ማውራት ጊዜው አይደለም፤ ገመዱ መላቀቁን ወይም ዲስኩ መሞቱን ነው ማጣራት።

«ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» ወይም «ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ» የሚለውን የሚናገረው በዲስኩ ክፍል መግቢያ ላይ የተቀመጠው ትንሹ ፕሮግራም፣ የእኛ ባለሱቅ ነው። ብየዳ ቤቱን አላገኘሁትም እያለ ነው። ግን የትኛው ባለሱቅ? ፍላሽ በዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግ በፍላሹም መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፋል። ማታ ፊልም ያዩበትን ፍላሽ ሳይነቅሉ ከተኙና ቺፑ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ፍላሹን እንዲጠይቅ ታዝዞ ከሆነ፣ ጠዋት የሚመልስልዎት የፍላሹ ባለሱቅ ነው። ፍላሹ ላይ ዊንዶውስ የለም፤ እውነቱን ነው። ፍላሹን ነቅሎ እንደገና ማብራት ብቻውን ስንቱን ኮምፒውተር ከጥገና ቤት ጉዞ አድኗል!

ከሁሉ የሚገርመው ግን የኤክስፒ ዘመኑ ነው። ስክሪኑ «ሃል ዲኤልኤል የሚባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል» ይል ነበር፤ የፋይሉን አድራሻ ጭምር ጠቅሶ። ይህን ያህል ቁርጥ ያለ መልእክት ማን ይጠራጠራል? ስለዚህ ሰው ፋይሉን ከጓደኛው ኮምፒውተር በፍላሽ ቀድቶ ያመጣል፣ ቦታው ላይ ያስቀምጣል፣ ያበራል፤ ስክሪኑ ያንኑ ይደግማል። ፋይሉ ብዙ ጊዜ አልጠፋም ነበር። የተበላሸችው ቡት ዶት አይኤንአይ ናት። ሃርድ ዲስኩን እንደገና ሲከፋፍሉት የክፍሎቹ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ማስታወሻዋ ግን የድሮውን ቁጥር ይዛ ትቀራለች። ጫኙ በማስታወሻው መሠረት ዊንዶውስ የሌለበት ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ከሚፈልጋቸው ቀዳሚ ፋይሎች አንዱ ሃል ዲኤልኤል ስለሆነ እሱን አጣሁ ይላል። በያጁ አረንጓዴ በር ብሎ የተሳሳተ ቅያስ አሳይቷል፤ እርስዎም የሰው ግቢ ገብተው «ባለቤቱ የሉም» ተብለዋል። መድኃኒቱ የአንዲት መስመር እርማት ነበር።

ሬጂስትሪው፣ በተለይ ሲስተም የሚባለው ክፍሉ፣ ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል የሚለው መልእክት ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ አቅጣጫው ሁሉ ትክክል ሆኖ ቤቱ ተደርሷል፤ የተጎዳው ቤቱ ራሱ ነው። እንዲህ ሲሆን ጥገናው እውነተኛ ጥገና ይሆናል፤ ፋይሉን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ያስፈልጋል።

ፋይል በእውነት ሲጠፋ

በእኛ አገር ቀዳሚው ተጠርጣሪ መብራት ነው። በምዕራፍ 5 እንዳልነው ዊንዶውስ የሚጻፈውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ ጥቂት ራም ላይ ያቆየዋል። መብራቱ በዚያች መሃል ከሄደ ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ፋይል ይቀራል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የፋይል አደረጃጀት የሚሠራውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ የማውጫው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የፋይሉ ይዘት ግን ዋስትና የለውም። ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ቢጠፋ ደግሞ እየተቀየሩ ያሉት ራሳቸው የሥርዓቱ ፋይሎች ናቸው። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይተርፋል። ዴስክቶፕ ግን መብራት ሲሄድ ጥቂት የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚባለው ዕቃ ከሌለው ባዶ እጁን ነው። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያለዝባል እንጂ መብራት ሲሄድ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አያቆይም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ።

ፋይል ሳይጠፋም ኮምፒውተሩን የሚጥለው ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ቺፑ የሚከተላቸው ቅንብሮች፣ ማንን አስቀድሞ እንደሚጠይቅም ጭምር፣ በእሷ ኃይል ነው የሚቆዩት። ስትደክም ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ምልክቷ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱና ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከቅንብሮቹ አንዱ ሃርድ ዲስኩን ማናገሪያ ስልት ነው። ዊንዶውስ ኤኤችሲአይ በሚባለው ስልት ተጭኖ ሳለ ቅንብሩ ወደ ሌላ ከተመለሰ፣ ዊንዶውስ መነሣት ይጀምርና ዲስኩን ማናገር አቅቶት በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። አንድም ፋይል አልጎደለም። ያገለገለ ዴስክቶፕ በብዛት በሚሸጥበት ከተማችን ይህቺን ባትሪ ሳያዩ ዊንዶውስ መጫን ገንዘብ መጣል ነው።

ፀረ ቫይረስም አንዳንዴ ባለቤቱን ሌባ ነው ብሎ ያስረዋል። በኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው የፀረ ቫይረስ ድርጅት ያሠራጨው እድሳት በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ኤስቪሲሆስት የሚባለውን ዋና ፋይል በቫይረስነት ከስሶ አገለለው፤ ኮምፒውተሮቹም እየተነሡ መልሰው መውደቅ ያዙ። በጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ስህተት ያለበት አንድ ፋይል ላከና ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አስተኛ። መድኃኒቱ ዊንዶውስን በጠባቡ፣ ሴፍ ሞድ በሚባለው አሠራር አስነሥቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው በጎደለ ሳይሆን በተጨመረ ፋይል ነው።

ስለ ተጨመረ ካነሣን አይቀር፤ ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስ 7 ፈቃድ ያለው ለማስመሰል ይሠራጩ ከነበሩት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በዚሁ ቅብብል መሃል ራሳቸውን ያስገቡ ነበር። ከባለሱቁና ከበያጁ መሃል የቆመ፣ ማንም የማያውቀው ሰው እንደማለት ነው። እድሳት ወይም ፀረ ቫይረስ መጥቶ ይህን ሰው ሲያባርረው መንገዱም አብሮ ይዘጋል።

ከስልክ ጥሪው ጀምሮ

ጥገናው የቅብብሉን ቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ መልእክቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ የእንግሊዝኛው ሁሉም ፊደል ያስፈልጋል። ከዚያ ፍላሹን፣ ሜሞሪ ካርዱንና የውጭ ሃርድ ዲስኩን ሁሉ ነቅለው እንደገና ያብሩ። አሁንም ካልተነሣ፣ ሲያበሩት ወዲያው ኤፍ2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን (እንደ ኮምፒውተሩ ሥሪት ይለያያል) ወደ ቺፑ ቅንብር ይግቡ። ቀኑ ትክክል ነው? የሃርድ ዲስኩ ስም ይታያል? የመነሻው ተራ ከእሱ ይጀምራል? ዲስኩ ካልታየና ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ከመብራት ነቅለው ገመዱን ማጥበቅ ይሞከራል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ያቁሙ፤ በተበራ ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ዲስኩ ከታየ ሰነድና ፎቶ ይቅደም። እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓት ከፍላሽ ላይ፣ ምንም ሳይጫን፣ ይነሣል። በራሱ ቅብብል ስለሚሄድ ዊንዶውስ ባይነሣም የዲስኩን ይዘት ያሳያል፤ የሚያሳስብዎትን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ዊንዶውስ 11 ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በምስጢር የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። የሚከፍተው 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። የዚያን አካውንት የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ፋይሎቹን ሊያጣ ይችላል።

ቀጥሎ የጥገና ክፍሉ ነው። ዊንዶውስ ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው ራሱ ይከፍተዋል፤ ካልከፈተ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክተው «ጫን» የሚለውን ትተው «ጠግን» የሚለውን ይመርጣሉ። በውስጡ ያለው ስታርትአፕ ሪፔር አቅጣጫ ጠቋሚዎቹን ራሱ ለማስተካከል ይሞክራል። ካልሆነለት ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ሦስት መሣሪያዎች አሉ። ቡትሬክ የሚባለው የመግቢያውን ፕሮግራምና ማስታወሻውን እንደ አዲስ ይጽፋል። ቼክዲስክ የፋይሎቹን ማውጫ ያቃናል፤ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ግን ሰነድ ሳያወጡ አይሂዱበት። ኤስኤፍሲ ደግሞ የዊንዶውስን ፋይሎች አንድ በአንድ ከትክክለኛ ቅጂዎቻቸው ጋር አስተያይቶ የተበላሸውን ይተካል፤ የእርስዎን ሰነዶች አይነካም። በዚህ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ የዲስክ ክፍሎቹ ስያሜ ሊቀያየር እንደሚችል ያስታውሱ። በዘወትሩ «ሲ» የሚባለው እዚህ «ዲ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትእዛዙን ከመጻፍዎ በፊት ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር የትኛው ውስጥ እንዳለ ይዩ።

«ፎርማት ይደረግ»

ጥገና ቤት ሲገቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰሙት ቃል ይህ ነው። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ይታወቃል፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። ቅብብሉ የት እንደተቋረጠ መፈለግ ግን አምስት ደቂቃም ግማሽ ቀንም ሊወስድ ይችላል፤ ደንበኛውም «ፍላሽ ነቅለህ ነው እንዴ ይህን ያህል የምታስከፍለኝ?» ይላል። ለማሰብ የማይከፍል ደንበኛ ለፎርማት ሲከፍል ይኖራል።

ቢሆንም ፍርዴ ይኸው ነው። መልእክቱን ሳያነብ ፎርማት የሚል ባለሙያ ባለሱቁ አላውቅም ስላለ ቤቱን አፍርሶ ሊሠራ የተነሣ ነው። ባትሪዋ ደክማ ከሆነ አዲሱም ዊንዶውስ ነገ ይወድቃል። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ አዲሱን ዊንዶውስ ይዞት ይሞታል። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው መጀመሪያ ማውጫው ነው፤ ሰነዶችዎ ከሥሩ ለጊዜው ሊኖሩ ይችላሉ። አዲሱ ዊንዶውስ በላያቸው ሲጻፍ ግን የተጻፈበት ቦታ ላይ የነበረው አይመለስም። እንደገና መጫን ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቫይረስ ሥርዓቱን ከበላው ወይም ኤስኤፍሲ ሞክሮ ካቃተው። ያኔም ቢሆን ተራው የመጨረሻ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለባለሙያ ሲያስረክቡ ሦስት ነገር ያድርጉ፦ ያነሡትን ፎቶ ያሳዩ፣ «ሰነዶቹ መጀመሪያ ይገልበጡ» ይበሉ፣ «ሳይደውሉልኝ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው ያሳስቡ። ኮምፒውተርዎ ዛሬ ደህና ከሆነ ደግሞ የጥገናውን ፍላሽ ዛሬውኑ ያዘጋጁ፤ በወደቀ ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት አይቻልምና። ማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባለውን ማዘጋጃ በነፃ ይሰጣል። የሚያወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሁኑ። ፍላሹ 8 ጊጋባይት ከሆነ ይበቃል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን ባዶ ፍላሽ ይምረጡ።